ጅቡ የደፈናት ቀዳዳ

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ጀልባ መንዳት በለመዱበት ዘመን፣ አንድ ጅብ የሞተር ጀልባ ገዛ። ገዝቶም አላረፈ። በሦስተኛው ቀን ጀልባዋን እየዞረ ሲያሸት፣ ከቤንዚን መያዣዋ ከሰልባትዮው ጎን ካለች ጣት የማታስገባ ቀዳዳ የቤንዚን ሽታ ሲወጣ አገኘ። «የኔ ቤንዚን ለነፋስ?» ብሎ ቀዳዳዋን በጨርቅ ጠቅጥቆ ደፈናት። ሽታው ጠፋ፤ እሱም በራሱ ብልጠት ሲደሰት ዋለ።

ማግስቱ፣ አንበሳ ሐይቁ መካከል ባለችው ደሴት ሴት ልጁን የሚድርበት ቀን ነበር። ሰንጋ ተጥሏል ተብሎ ተሰምቷል። ጅቡ ለሥጋው ቦታ ይኑረኝ ብሎ ከትናንት ጀምሮ ምንም አልቀመሰም። በጠዋት ወደቡ ላይ ቤንዚን ወደምትሸጠው አህያ ሄደና «ሙዪልኝ» አላት። አህያዋ አንገቷን ከጅቡ በተቻላት መጠን አርቃ፣ ጀሪካኗን በቤንዚኑ ሰልባትዮ አፍ ደፋችው። ገና ትንሽ እንደቀዳች ቤንዚኑ ቡልቅ ብሎ ተመለሰና የጅቡን አፍንጫ አጠበው።

«ሞልቷል ማለት ነው» አለ ጅቡ እያስነጠሰ።

«ኧረ አያ ጅቦ፣ ሩቡም አልሞላ። ቤንዚን ሲገባ ውስጥ ያለው አየር መውጫ ይፈልጋል። ከጎን ያለችው መተንፈሻ ተደፍና እንዳይሆን እስቲ ይዩአት።»

«የደፈንኳት እኔ ነኝ። ከኔ ሰልባትዮ ምንም አይወጣም፤ አየሩም ቢሆን የኔ ነው።»

አህያዋ ከጅብ ጋር መከራከር ዕድሜ እንደማያስረዝም ታውቃለችና ጀሪካኗን ከደነች።

ጅቡ ሐይቁን አጋምሶ የሠርጉን ዘፈን መስማት እንደጀመረ፣ ሞተሩን ሳል ሳል አደረገውና ቀጥ አለ። ገመዱን ቢስብ፣ ቢሳደብ፣ ቢለምን፣ ወይ ፍንክች። ቤንዚኑ እንደሆነ አላለቀም፤ ጀልባዋን ሲያወዛውዛት ሰልባትዮው ውስጥ ይንቦጫቦጫል። ሥጋው ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። ጅቡ እንባው መጣ።

በዚህ መሀል ቀበሮ የደንገል ታንኳዋን እየቀዘፈች ደረሰች። ጨርቁን ገና ከሩቅ አይታዋለች፤ ግን ያላየች መሰለች።

«መድኃኒቱን አውቃለሁ» አለችው። «ዋጋው ዛሬ ከድግሱ የሚደርስህ ሥጋ ነው።»

«ግማሹን ውሰጂ።»

«እንግዲያው ደህና ዋል» ብላ መቅዘፊያዋን አነሳች።

«እሺ፣ እሺ፣ ሁሉንም!»

ቀበሮ ጨርቁን መዝዛ ጣለችው። ሰልባትዮው በቀዳዳዋ በረጅሙ አየር ሳበ፤ ሞተሩም ገመዱ አንዴ ሲሳብ ተነሣ።

«ይችው ናት?» አለ ጅቡ አፉን ከፍቶ።

«ይችው ናት። አየር ካልወጣ ቤንዚን አይሞላም፤ አየር ካልገባ ደግሞ ወደ ሞተሩ አይወርድም። በል ንዳ፣ ሥጋዬ እንዳይቀዘቅዝ።»

ከድግሱ ሲደርሱ አንበሳ ራሱ ለጅቡ አንድ ሙሉ ታፋ አቀረበለት። ቀበሮ ከጎኑ ተቀምጣ ፈገግ አለች። ጅቡ ታፋውን ቀስ አድርጎ ወደ እሷ ገፋው።

አንበሳ ደነገጠ። «አያ ጅቦ፣ አመመህ እንዴ?»

«የለም ጌታዬ» አለ ጅቡ ምራቁን እየዋጠ፤ «ጾም ይዣለሁ።»

ሠርገኛው ሁሉ እየተንከባለለ ሳቀ፤ ሙሽራዋም ሳትቀር። ቀበሮ ብቻ አፏ ሞልቶ ስለነበር አልሳቀችም።

ከዚህ የምንማረው ጥቂት እንዳይወጣብን ብለን ቀዳዳውን ሁሉ ስንደፍን፣ ብዙ የሚገባበትንም መንገድ በገዛ እጃችን እንደምንዘጋ ነው።