የአያ ስንሻው መኪና

እኛ ከተማ ዕድር ሲነታረክ፣ ወንድማማች ውርስ ሲካፈል፣ ማኅበር ሲፈርስ የምትነገር አንዲት አባባል አለች። ሰው ሁሉ የጥንት አባቶች ትተውልን የሄዱ ይመስለዋል። ወሬ! ዕድሜዋ ከእኔ ጫማ ብዙም አይበልጥም። ከየት እንደመጣች የማውቀው ስለነበርኩበት ነው፤ ደግሞም ጥፋቱ በከፊል የእኔ ነው።

ጎረቤቴ አያ ስንሻው ከጤና ጣቢያ ጥበቃ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ልጃቸው ውዳለም ዐሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ርቃ አግብታ ሴት ልጅ ወለደች። እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊሉ ሲሄዱ፣ የልጃቸው አማት አቶ ያዛቸው፣ ሁለት የጭነት መኪና ያላቸው ሀብታም፣ ከበር ተቀበሏቸውና «አይ የእኛ አያት! አሁንም በሰው ባጃጅ ነው የመጡት?» አሏቸው። ገንፎ የሚበላው ሁሉ ሳቀ። አያ ስንሻው ደማቸው ፈላ። «ክርስትና የተነሣች ዕለት ልጅቷን ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት የምታደርሳት የእኔ መኪና ናት!» ብለው በሚካኤል ማሉ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። ከዚያው ላይ ዐሥሩ ቀን አልፏል።

የገዟትን ፒካፕ መኪና ማለት ማጋነን ነው። ሞተር የላት፣ በር የላት፣ ወንበሯ ላይ ዶሮ ታቅፋለች። በሁለት ጥማድ በሬ ተጎትታ ግቢ ስትገባ ባለቤታቸው እትዬ ማንጠግቦሽ ወጥተው አዩ።

«ዶሮዋንስ ገዛህ ልበል። ብረቱን ምን ልታደርገው ነው?»

«አሠራታለሁ። ጋራዥ ለሀብታም ነው፤ እኔ ደቦ እጠራለሁ።»

«ለመኪና?!»

«ጤፍ በደቦ ይታጨዳል፤ ቤት በደቦ ይመረጋል። መኪና ከቤት ይበልጣል እንዴ?»

አገሩ ጉድ አለ፤ ቢሆንም መጣ። ደቦ ተጠርቶ መቅረት ነውር ነው። መካኒኩ ይሁኔ ከሁለት የሞቱ ሞተሮች አንድ የሚያስነጥስ ሞተር አወጣ። ባለጋሪው የጋሪውን ጎማዎች ፈታ። አናጢው የኋላውን ሳጥን በባሕር ዛፍ ጣውላ ሠራ። ቅቤ ነጋዴዋ እትዬ እናኑ የሳሎናቸውን ሶፋ ሰጡ፤ የፊት ወንበር ሆነ። እኔ የጎን መስታወት ሰጠሁ፤ ከየት እንዳመጣሁት አትጠይቁኝ። እየተዘፈነ፣ እየተፎከረ፣ ጠላው በእንስራ እየወጣ ሁለት ወር ሠራን። እትዬ ማንጠግቦሽ «ጋራዡ ይህን ያህል አይጠጣም ነበር» እያሉ ይቀዱልን ነበር።

የክርስትናው ዕለት ማለዳ አያ ስንሻው ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው ብቅ ሲሉ መኪናዋ ጢም ብላ ሞልታለች።

«እትዬ እናኑ፣ እስቲ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ» አሉ።

«ወዴት ልጠጋ? የተቀመጥኩት በገዛ ሶፋዬ ላይ!»

ባለጋሪውን አዩት። «ጎማዬ እኔን ጥሎ ሊዞር ነው?» አለ። አናጢው ጣውላውን በሁለት እጁ ጨበጠ። ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ሰማይ ሰማይ አየሁ።

«ማንጠግቦሽ፣ አንቺ እንኳ ውረጂልኝ እንጂ!»

«ሁለት ወር ሙሉ ጠላ የጠመቀው ማን ሆነና?»

መሪውን የያዘው ይሁኔ መላ አመጣ። «አያ ስንሻው፣ ማስነሻ ሞተሪኖ ስለሌላት በግፊ ነው የምትነሣው። እርስዎ ገፋ ያድርጓትና ስትነሣ ዘለው ይንጠልጠሉ።»

ከእኛ መካከል ወርዶ የሚገፋ አልተገኘም፤ የወረደ ቦታው ይወሰድበታላ! መንገዱ ቁልቁለት ስለሆነ ብቻቸውን ገፉ። አስነጠሰች፣ ጨሰች፣ ተነሣች። አያ ስንሻው ጋቢያቸውን ሰብስበው ተከተሉን።

«ቁም! ኧረ ቁም አንተ ልጅ!»

ይሁኔ አንገቱን አውጥቶ «ካቆምኳት አትነሣም!» ብሎ ጮኸ። እውነቱን ነው። መጀመሪያ ሲሮጡ አየኋቸው፤ ቀጥሎ ሲራመዱ፤ ከዚያም ወገባቸውን ይዘው ቆመው ሲራገሙ። አንጀቴን በሉት፤ ግን አልወረድኩም።

ሕፃኗ ተጠምቃ እስክትወጣ ይሁኔ ሞተሩን ሳያጠፋ ከደጀ ሰላሙ ራቅ ብሎ ጠበቀ። ከዚያ እትዬ እናኑ እንደምንም ጠጋ አሉላቸውና እናትና ልጅ ሶፋው ላይ ተቀመጡ፤ እልልታው ቀለጠ። «አባዬስ?» ስትል ውዳለም ሁላችንም መሬት መሬት አየን። «ከኋላ እየመጡ ነው» አልኳት። አልዋሸሁም።

ድግሱ ሊያልቅ ሲል አያ ስንሻው አቧራ ለብሰው፣ ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው ደረሱ። አቶ ያዛቸው እንደ ልማዳቸው ከበር ተቀበሏቸው።

«እንኳን ደህና መጡ! መኪናዎ ልጅቷን በሰላም አድርሳልናለች። እርስዎ ምን አገኘዎት?»

በዚህ ጊዜ የሳቀ የለም። እትዬ ማንጠግቦሽ ጉርሻቸውን ወደ መሶቡ መለሱ። አያ ስንሻው ጫማቸውን ከደጃፉ ጥለው ሕፃኗን ከእናቷ እጅ ተቀበሉና ግንባሯን ሳሟት። «እንኳን በመኪናዬ መጣሽ፣ ልጄ» አሏት። እኔ የምገባበት ጠፋኝ።

የአቶ ያዛቸው አባት፣ ዘጠና ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ፣ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው ሁሉን ያያሉ። ግቢው ውስጥ መኪናዋ አሁንም ሞተሯ ሳይጠፋ ትንተከተካለች፤ ባለጋሪውና አናጢውም ቦታ እንዳይወሰድባቸው ምግባቸውን እዚያው ላይ አስመጥተው ይበላሉ። ሽማግሌው እነሱን አዩ፤ የአያ ስንሻውን ባዶ እግር አዩ፤ ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁና እንዲህ አሉ፦ «የደቦ መኪና፣ ባለቤቱ እግረኛ።»