በር ብቻ ያለው መንደር

«ተረት ተረት!» ስላችሁ «አጥር የሌለው በረት!» በሉኝ።

አንዲት አህያ የቤት ኪራይ ቢያንገሸግሻት ከከተማው ዳር በሚቆረቆር አዲስ መንደር ቤት ልትገዛ ሄደች። ሻጯ ጦጢት የመንደሩን ሥዕል ዘርግታ አሳየቻት።

«ውኃውስ? አጥሩስ?» አለች አህያ።

«እሱ በሁለተኛው ምዕራፍ ነው። ለጊዜው በሩን ተመልከቺልኝ!»

እውነትም ሜዳው ላይ የሚያብረቀርቅ ትልቅ የብረት በር ብቻውን ቆሟል። አህያ በሩን ወደደችና ቤቱን ገዛች። ነዋሪው ሁሉ፣ ግራና ቀኙ ባዶ ሜዳ ሆኖ ሳለ፣ ተሰልፎ በዚያው በር ነው የሚገባው። ምን ይባላል!

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አህያ ከወንዝ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ዘበኛው ውሻ «መታወቂያ!» ብሎ በሩ ላይ አስቆማት።

«ቤት ረሳሁት። በየቀኑ የምታየኝ አይደለሁም እንዴ?»

«ደንብ ነው፣ እሜቴ።»

እነሱ ሲጨቃጨቁ አያ ጅቦ በበሩ ጎን አልፎ የአህያ ቤት ደጃፍ ላይ ቁጭ አለ።

«ኧረ ጅብ ገባ! አታይም?»

«በበሩ ያልገባ እኔን አይመለከተኝም» አለ ውሻ።

አያ ጅቦም ከደጃፉ «ተዋት ትግባ እንጂ፣ እየጠበቅኋት እኮ ነው!» አለ።

«እንግዳ እንዳለሽ ቀድመሽ አትናገሪም?» ብሎ ውሻው በሩን ወለል አድርጎ ከፈተላት።

አህያ ጀሪካኗን እንደተሸከመች እግሬ አውጪኝ ብላ ወደ ከተማው ሮጠች። ውሻውም ከኋላዋ «ቁሚ! ዕቃ ይዞ ለመውጣት የመውጫ ወረቀት ያስፈልጋል!» እያለ ጮኸ።

ተረቴን መልሱ፣ ዳቦዬን በሁለተኛው ምዕራፍ አድርሱ።