አረም ውስጥ የተሸሸገው ገበሬ

ከሚስቱ ጋር ተኳርፎ የከረመ አንድ ጎልማሳ የንስሐ አባቱን፣ «አባ፣ ሽማግሌ ከመጥራቴ በፊት እኔው ትንሽ ላስተካክለው? ገመናዬን ሰው ሲያየው አፍራለሁ» ብሎ ጠየቃቸው። አባም እንዲህ ሲሉ መለሱለት፦

አንድ ገበሬ ነበረ። ከአቅሙ በላይ በቆሎ ዘራ። ዝናቡ ሲከታተል አረሙ ቀድሞት አደገና ማሳውን ዋጠው። ሚስቱ፣ «ይህ የሁለት ሰው ሥራ አይደለም፤ ደቦ እንጥራ» አለችው።

«ሰው ይህን አይቶ ምን ይለኛል? መጀመሪያ ዳር ዳሩን ላጽዳ፤ ከዚያ እንጠራለን» አላት።

ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ጀንበር እስክትጠልቅ ይኮተኩታል። ወገቡ ተቆረጠ፤ መዳፉ ተላጠ። በመንገዱ በኩል ያለውን ዳር ሲጨርስ በወንዙ በኩል ያጸዳው መልሶ ይበቅልበታል። መንገደኛው «አበጀህ፣ ማሳህ ያምራል» እያለው ያልፋል፤ መሐል ያለው በቆሎ ግን ቢጫ ሆኖ ይቀጭጭ ጀመር።

ሚስቱ ይህን አይታ ዝም አላለችም። እሱ ማሳ እየዋለ ሳለ ጠላዋን ጠመቀች፤ ንፍሮዋን ቀቀለች፤ ጎረቤቱን ሁሉ ዞራ ጠራች።

አንድ ማለዳ ሰዎቹ መኮትኮቻቸውን ተሸክመው እየዘፈኑ ሲመጡ ገበሬው ከሩቅ አያቸው። የሚገባበት ጠፋው። አረሙ ሰው ለመደበቅ ይበቃ ነበርና መሐሉ ገብቶ ቁጢጥ አለ።

ጎረቤቶቹ ከዳር ተሰልፈው ያርሙ ጀመር። ዘፈኑ በቀረበ ቁጥር እሱ በእንብርክኩ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። በመጨረሻ የሚያፈገፍግበት አረም አለቀ። ከፊቱ ያለውን የአረም ጉንጉን የነቀሉ አንድ አዛውንት ቁልቁል አዩትና፣ «በል ተነሥ ልጄ፤ አንተንም ልነቅልህ ነበር» አሉት። «ደግሞ በዚህ ታፍራለህ? የኔ ማሳ አምና ጅብ ይደብቅ ነበር።»

ማሳው በሳቅ ተሞላ። ገበሬውም ሳቀ፤ መኮትኮቻውን አንሥቶ ከሰልፉ ገባ። ከቀትር በኋላማ ዘፈኑን የሚያወጣው እሱ ሆነ። በቆሎውም አገገመ፤ በዚያ ዓመት ለጎረቤት የሚተርፍ እሸት አገኘ።

አባ ወደ ጎልማሳው ዞር አሉ። «ልጄ፣ ያ ማሳ ትዳርህ ነው። ከሚስትህ ጋር ሠርግ ቤት፣ ለቅሶ ቤት ስትሄዱ ሰው ዳሩን አይቶ ያመሰግንሃል፤ መሐሉ ግን እየቀጨጨ ነው። ሽማግሌም የሚመጣው አረምህን ቆሞ ሊያይ አይደለም፤ መኮትኮቻውን ይዞ ነው። ሚስትህ ይህ ገብቷት ለነገ ጠርታናለች። አንዱ እኔ ነኝ። ስንመጣ እንዳትደበቅ።»