የመጥረጊያ ፈተና

ተረት ተረት ብያለሁ፤ ጆሮ ያለው ይቅረብ።

በእንስሳት ትምህርት ቤት ደወል ሲደወል ወንዶቹ ወደ ክፍል፣ ሴቶቹ ወደ መጥረጊያ ይሮጡ ነበር። መምህር ዝንጀሮ ሚዳቋን ጠርቶ፣ «ፈተና ወደቅሽ! ከነገ ጀምሮ ቤትሽ ቁጭ በይ» አላት።

«ጋሼ፣ በትምህርት ሰዓት እኮ ግቢ ስጠርግ ነው የምውለው።»

«እሱም ለሴት ትምህርት ነው!»

«ታዲያ ለምን ፈተና የለውም?»

ዝንጀሮ ግራ ገብቶት ራሱን አከከ። ነገሩ እውነት መሰለውና ወንድ ሴት ሳይል ሁሉንም መጥረጊያ አስይዞ ፈተናቸው። ሴቶቹ መቶ ደፈኑ፤ ወንዶቹ አቧራ ለብሰው ዜሮ አገኙ።

በማግስቱ ወንዶቹ ለቀጣዩ ፈተና ሊለማመዱ መጥረጊያውን ሁሉ ተሻምተው ግቢውን ሞሉት። ሴቶቹ የሚይዙት ቢያጡ ክፍል ገብተው ተቀመጡ። ዝንጀሮ ጠመኔውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ አንዴ ውጭ፣ አንዴ ውስጥ ያያል።

ሚዳቋ ከፊት ወንበር፣ «ጋሼ፣ ከየት እንጀምር?» አለችው።