የምስር ነጋዴው ሸንኮራ

ተረት የሚተርት ሰው መቼም አይጠፋም። ለቅሶ ቤት ብትቀመጡ፣ ዕቁብ ላይ ብትገኙ፣ አንዱ ካንዱ አፍ እየነጠቀ ሲተርት ትሰማላችሁ። ማን እንዳለውና ለምን እንዳለው ብትጠይቁት ግን "እንጃ፣ ሲሉ ሰምቼ ነው" ብሎ ትከሻውን ይነቀንቅላችኋል። ይህ በገበያ ቀን ሰው ሁሉ የሚያነሳው አባባል ግን ባለቤት አለው። የተባለውም በመንዝ ደጋ ላይ፣ በአንዲት እናትና በሦስት ልጆቿ የተነሳ ነው።

እናቲቱ አስካለች ትባላለች። ባሏ ለአጨዳ ሥራ ቆላ ወርዶ፣ እሷ ከልጆቿና ከአማቷ ከእማማ ይመኙሻል ጋር ቀርታለች። ትልቁ ልጅ ቦጋለ ነው፣ ተከታይዋ ሽታዬ፣ ትንሿ ብርቄ ደግሞ ገና አፏን የምትፈታ፣ ያገኘችውን አፈር ሳይቀር ወደ አፏ የምትሰድ ሕፃን ናት። አስካለች ቅዳሜ ገበያ ስትወጣ ሦስቱንም አስከትላ ነው። ምን ታድርግ? እማማ ይመኙሻል እንደሆኑ "እኔ ወልጄም አሳድጌም ጨርሻለሁ፣ የሰው ልጅ አልጠብቅም" ብለው ቁርጡን ተናግረዋል። የሰው ልጅ ያሉት የገዛ ልጃቸውን ልጆች ነው እንግዲህ።

በዚያ ቤት አንድ ሕግ ነበር። የገበያ ለት ጧት እህል አይቀመስም። "ከገበያ ስትመለሱ ትበላላችሁ" ይላሉ አሮጊቷ፣ ያንን ቁርስ ማስቀረት ትልቅ ቁጠባ ይመስላቸዋል። እሳቸውም እንዲሁ ነው ያደጉት፣ እናታቸውም እንዲሁ። ስለዚህ ልጆቹ ዳገቱን ወጥተው ቁልቁለቱን ወርደው ገበያ የሚደርሱት አንጀታቸው ተጣብቆ ነው።

ገበያው ላይ ደግሞ ላቀው አለ። ላቀው ምስርና ጨው ሻጭ ነው፣ በዚያ ገበያ ምስር የሚያመጣ ከሱ ሌላ የለም። ከጆንያው ፊት ለፊት፣ የልጅ ዓይን በሚያርፍበት ቁመት ላይ፣ ከቆላ ያስመጣውን ሸንኮራ ልጦና ቆራርጦ ይደረድራል። በደጋ አገር ሸንኮራ ብርቅ ነው። ልጅ ያላት ሴት ስትመጣ ላቀው አስቀድሞ ዋጋ አይናገርም፣ ሸንኮራውን አንስቶ ልጁ እጅ ላይ ያኖራል። እናት "ኧረ ተው" ስትል "የልጅ ነው፣ አይቆጠርም" ይላታል።

አይቆጠርም ነው ያለው? በዚያ አገር ልጅሽ ከቀመሰበት ቤት ሳትገዢ መሄድ ነውር ነው፣ መከራከርም ነውር ነው። ልጁ አንዴ ከነከሰ እናት አፏ ይታሰራል፣ ላቀው የጠራውን ከፍላ ትሄዳለች። በዚያ ላይ በቁና ሲሰፍር ከቁናው አፍ በላይ ያለውን በመዳፉ ጠርጎ ወደ ጆንያው ይመልሳል፣ ዝንብ የምታርፍበት ትርፍ አይተውም። ሴቶቹ ሁሉ ያውቁታል፣ ሁሉም ያሙታል፣ ሁሉም ደግሞ ተመልሰው ይገዙታል። ይሉኝታ እንዲህ ነው የሚያደርገው።

አስካለችም ተበልታለች። አንዱን ቅዳሜ ምስር ይዛ ጨው ሳትገዛ ተመለሰች፣ በሚቀጥለው ጨው ይዛ ምስር ቀረ። ሁለቱንም ጊዜ እሷ አፏን ሳትከፍት ሸንኮራውን የነከሰው ቦጋለ ነው። በሁለተኛው ቀን መንገድ ላይ ስታለቅስ አይቷታል፣ ያንን አልረሳም።

እማማ ይመኙሻል ባዶውን የጨው ቅል ገልብጠው አሳዩዋት።

"ልጆችሽን ሸንኮራ፣ እኔን ጨው የሌለው ወጥ እያበላሽ እስከ መቼ ነው?" አሏት። "በሚመጣው ቅዳሜ አንድ ነገር ጎድሎ ብትመጪ፣ ገንዘቡ ካንቺ መቀነት ወደኔ መቀነት ይዞራል። ቆርጬ ነው የምነግርሽ።"

ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ባለትዳር ሆና፣ ሦስት ልጅ ወልዳ፣ ለእፍኝ ጨው አማቷ ፊት እጇን ዘርግታ የምትቆም ሴት በገዛ ቤቷ ገረድ ሆነች ማለት ነው። ባሏ ቢመለስ እንኳ አንዴ የዞረ መቀነት አይመለስም።

አስካለች ሳምንቱን ሙሉ አሰበች። ድስት ስትፈትግ ታስባለች፣ ውኃ ስትቀዳ ታስባለች። ሰው ሁሉ "ልጆችሽን ቅጪ፣ ባለጌ ሆነዋል" ይላታል። እሷ ግን መጨረሻ ላይ እንዲህ አለች፣ "ልጆቼ ባለጌ አይደሉም። የተራቡ ናቸው።" ይህንን ከተናገረች በኋላ የቀረው ቀላል ነበር።

ቅዳሜ ጧት ተነስታ፣ አማቷ ለክረምት ብለው የሰቀሉትን የበሶ ዱቄት ከነቅሉ አወረደችው። ገበቴ አቅርባ፣ ውኃ ጠብ አድርጋ፣ ከምድጃው ጥግ የነበረችውንም ቅቤ ጨምራ ማሸት ጀመረች። እማማ ይመኙሻል ከመደባቸው ላይ ቀና አሉ።

"ያንን ማን ፈቀደልሽ?"

"ማንም አልፈቀደልኝም።"

"የክረምት ነው እኮ።"

"በክረምት የሚበላው አፍ ዛሬም አለ፣ እማማ። እርስዎ ቁርስ ቆጠብን ይላሉ፣ የቆጠብነውን ላቀው ነው የሚበላው። ከእንግዲህ ልጆቼን በባዶ ሆድ ይዤ ገበያ አልወጣም።"

"እናያለን" አሉ አሮጊቷ።

"ይዩ። ከፈለጉም መጥተው ይዩ።"

ምራት ለአማቷ እንዲህ ስትመልስ በዚያ ቤት የመጀመሪያው ነው።

ልጆቹ በሉ። ቦጋለ ገበቴውን እስኪገፋ በላ፣ ሽታዬ ጣቷን ላሰች። ብርቄ በልታ በልታ የመጨረሻውን ጭብጥ በጇ ያዘች፣ ሊቀበሏት ሲሉ አለቀሰች፣ ተዉላት። ከዚያ አስካለች ለያንዳንዳቸው ሥራ ሰጠቻቸው። ቦጋለ ዘንቢሉን ይሸከማል። ሽታዬ ቁናው መሙላቱን ታያለች። ብርቄ የእናቷን ቀሚስ ትይዛለች። እንደ ወትሮው ማልደውም አልሄዱም፣ ፀሐይ ዘንበል እስክትል ቆዩ። ገበያ ሊፈታ ሲል፣ ከሩቅ የመጣ ነጋዴ አህያውን የሚጭንበትን እያሰበ ዋጋው ይለሰልሳል።

እማማ ይመኙሻልም ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ በትራቸውን ይዘው፣ ራቅ ብለው ተከተሉ። ለጎረቤት "የታመመ ዘመድ ልጠይቅ ነው" አሉ። በወገባቸው ላይ ግን አዲስ መቀነት ታጥቀው ነበር።

ላቀው አስካለችን ከነልጆቿ ሲያያት ፊቱ በራ።

"አስካለች፣ እንደምን ዋልሽ? ልጆቹስ እንዴት አድገዋል እባክሽ" አለና እጁን ወደ ሸንኮራው ሰደደ።

"ደህና ነን። ምስሩን ስንት ትላለህ?"

"ምን ያስቸኩለናል? መጀመሪያ ልጆቹ ይቅመሱ እንጂ። የልጅ ነው፣ አይቆጠርም።"

ሸንኮራውን ለቦጋለ ዘረጋለት። ቦጋለ አየው። ምራቁን ሲውጥ አስካለች ሰማችው።

"ጠግቤያለሁ፣ ጋሼ" አለ ልጁ፣ ዘንቢሉን እንደ ጋሻ ፊቱ ላይ ይዞ።

"ለሸንኮራ ደግሞ ጥጋብ አለ እንዴ?" ላቀው ሳቀና ወደ ሽታዬ ዞረ። ሽታዬ ሁለት እጆቿን ከኋላዋ ደበቀች።

"እኔ ቁናውን ነው የማየው" አለችው።

አጠገባቸው የነበሩ ሴቶች ሳቁ። ላቀው ሲሳቅበት አይወድም።

"ልጆቹን አስፈራርተሽ ነው ያመጣሻቸው።"

"አብልቼ ነው ያመጣኋቸው" አለች አስካለች።

ሰው ይሰበሰብ ጀመር። ላቀው ተነስቶ ቆመ። ነገሩን እዚያ ላይ ቢተወው ምስሩን ሸጦ ቤቱ ይገባ ነበር፣ ነገር ግን የገበያ ሰው ፊት ደፈሩኝ ብሎ ነደደ።

"እንግዲያው እንወራረድ። ከነዚህ ልጆች አንዳቸው ከጄ ሸንኮራ ከወሰደ፣ ምስሩንም ጨውንም እኔ በጠራሁት ዋጋ ያለ ክርክር ትወስጃለሽ። ካልወሰዱ አንቺ በጠራሽው እሰጥሻለሁ። ሰው ይስማ።"

አስካለች ብርቄን አየቻት። አፈር የምትበላ ልጅ። ከገበያው ዳር ካለው ጥድ ሥር ደግሞ አማቷን አየቻቸው፣ ተከናንበው ቆመዋል። እምቢ ብትል ማንም አያስገድዳትም። ግን እምቢ ካለች ላቀው በሚመጣውም ቅዳሜ፣ በዚያ በሚቀጥለውም፣ ሸንኮራውን ይዞ ሊጠብቃት ነው።

"ይሁን። ቁናውን ግን በመዳፍህ አትጠርግም፣ ክምር ነው የምትሰፍርልኝ።"

"ክምር ይሁን። ሥላሴን ምስክር ጠርቻለሁ።"

ላቀው ከድርድሩ የወፈረችውን መረጠ። መጥቶ ብርቄ ፊት በጉልበቱ ተንበረከከ።

"እንቺ የኔ እመቤት፣ ሸንኮራ ነው" አላት።

ብርቄ ሸንኮራውን አየች፣ ቀጥሎ የሰውየውን ፊት አየች። የእናቷን ቀሚስ ለቀቀች። አስካለች ልትጎትታት ፈለገች፣ ውርርድ ነውና እጇን ሰበሰበች። ሕፃኗ አንድ እርምጃ ቀርባ እጇን ዘረጋች።

"ወሰደች" አለ ከኋላ አንድ ሰው።

አልወሰደችም። እጇ ሸንኮራውን አልፎ ሄደ። ከጧት ጀምራ የጨበጠችው፣ በላቧ የሞቀው በሶ ነበረበት፣ እሱን ወደ ላቀው አፍ አስጠጋችው።

"አም በል" አለችው።

ላቀው ደነገጠ። ወደኋላ ሊል ሲል አንድ ሽማግሌ "የልጅ ጉርሻ አይመለስም" አሉት። እውነትም አይመለስም። ሌላም ነገር ነበር። ላቀው በዶሮ ጩኸት ነው ከቤቱ የወጣው፣ እሱም እንደ እማማ ይመኙሻል ቤት "ከገበያ ስመለስ እበላለሁ" ብሎ። ቀኑን ሙሉ ሸንኮራ ሲያድል እህል በአፉ አልዞረም። አፉን ከፈተ። ጎረሰ። አላመጠ፣ ሲያላምጥም ዓይኑን ጨፈነ።

"ቅቤ አለው" አለ ሳያስበው።

ገበያው በሳቅ ተነቃነቀ። አስካለች ግን አልሳቀችም።

"የልጅ ነው፣ አይቆጠርም" አለችው።

ከዚያ በኋላ ምን ይከራከራል? ልጆቹ አልወሰዱም፣ እሱ ግን ቀምሷል። ሌሎቹ ሴቶች "የቀመሰ ሰው ዋጋ ይጠራል እንዴ?" እያሉ ከበቡት፣ ስንት ቅዳሜ የከፈሉት ትዝ ብሏቸው። አስካለች ልትዘርፈው ትችል ነበር፣ አልዘረፈችውም። ለምስሩም ለጨዉም የሚገባውን ጠራች፣ ከሱ ግን ፈቀቅ አላለችም። ላቀው ሰፈረ። ከልማዱ የተነሳ መዳፉ ቁናው አፍ ላይ ሊያርፍ ሲል ሽታዬ ትኩር ብላ አየችው፣ መዳፉም ተመለሰ። ምስሩ ተከምሮ እስኪፈስ ድረስ ልጅቷ ዓይኗን አልነቀለችም። ቦጋለ ዘንቢሉን ሲያነሳ ተንገዳገደ፣ ግን ለማንም አልሰጥም አለ።

ያን ጊዜ እማማ ይመኙሻል ከጥዱ ሥር ወጥተው መጡ። ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው በጭቅጭቃቸው ስለሆነ መንገድ ለቀቀላቸው። አስካለችም ቀና ብላ ጠበቀቻቸው፣ አንገቷን አልደፋችም። አሮጊቷ ዘንቢሉን ገለጥ አድርገው ምስሩን አዩ፣ ጨዉን ቀመሱ። የጎደለ የለም። እሳቸውም በገዛ ሕጋቸው ከጧት ጀምሮ ምንም አልቀመሱም። ያን አዲስ መቀነት ከወገባቸው ፈትተው በምራታቸው ወገብ ላይ፣ በአሮጌው ላይ ደርበው አሰሩላት። ከላቀው ጆንያ ላይ ቁጭ አሉና ለብርቄ መዳፋቸውን ዘረጉ።

"ለኔስ የለሽም?" አሏት።

ብርቄ ከጣቶቿ የቀረውን በሶ አጎረሰቻቸው። አሮጊቷ ውጠው፣ አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው፣ ላቀውንም የተሰበሰበውንም ሰው አየት አድርገው እንዲህ አሉ፦ "ከቤቱ በልቶ የወጣ፣ ገበያ ላይ ጌታ።"