ምች ነው የተባለው ራስ ምታት

ሚስቱን የሚወድ አንድ ሰው ነበር፣ ወገኖቼ። አንለይ ይባላል። ሚስቱ ይታይሽ የመጀመሪያ ልጃቸውን ፀንሳ ወሯ እየገባ ነበር። እግሯ አበጠ፣ ፊቷም ሞላ። ጎረቤቱ ሁሉ ደላት፣ ተመቻት ይላል። ሚስትህ ተመቻት ሲሉት የማይኮራ ባል የት አለ?

አንድ ጠዋት ራሷን ፈለጣት፤ ዓይኔም ብዥ አለብኝ አለችው። አንለይ አልሰነፈም። ከጓሮ ዳማ ከሴ ቀጥፎ፣ ጨምቆ አጠጣት፣ ግንባሯን ቀባት፣ በጋቢ ጀቡኖ አስተኛት። ትናንት ልብስ ስታጥብ ፀሐይ ላይ ውላለችና ምች ነው አለ። እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እኮ ምን ትሉ ነበር?

እሷ ግን እጁን ያዘችው።

"አንልዬ፣ ይኼስ ምች አይመስለኝም። ራስሽን ካመመሽ ቶሎ ነይ ብለውኛል። ጤና ጣቢያ ውሰደኝ።"

መድኃኒት ጠጥተሽ ነፋስ ከመታሽ ይብስብሻል፣ ላብ ሲያሰምጥሽ ይለቅሻል ብሎ በሩን ዘጋ። ክፋት መሰላችሁ? ከፍቅሩ ብዛት ነው የዘጋው።

ብዙም ሳይቆይ አንቀጠቀጣት። ሰው ተጠራርቶ ተሸክሞ ሆስፒታል አደረሳት። ሐኪሙ የእርግዝናው ደም ግፊት ከልክ አልፎ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም መፍሰሱን ነገረው። ሕፃኗን በቀዶ ሕክምና አወጧት፤ ደህና ናት። የይታይሽም ነፍሷ ተረፈ። አንደበቷ ግን ተዘጋ፣ ቀኝ እጇም አልታዘዝ አላት።

አሁን አንለይ ያጎርሳታል፣ ፀጉሯን ያበጥርላታል። ልጃቸው አፏን ፈትታ አባዬ ስትለው ደስ ይለዋል፤ ወዲያው ደግሞ ከሚስቱ ፊት ቁጭ ይልና፣

"እስቲ አንድ ጊዜ አንልዬ በይኝ። ስደቢኝም ግድ የለም፤ ብቻ ድምፅሽን ልስማው" ይላታል።

ታየዋለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ሳቋ እንዴት እንደነበር፣ ስትጣራ እንዴት እንደነበር እየጠፋበት ነው፤ እሱ ነው የሚያንገበግበው። ጥርት ብሎ የቀረው "ጤና ጣቢያ ውሰደኝ" ያለችው ብቻ ነው። የሚናፍቀውን ድምፅ የሚያገኘው እዚያ ቃል ውስጥ ነው።

ወገኖቼ፣ አንለይ ላይ አትፍረዱ። ይልቅ ወደየቤታችሁ ተመልከቱ። የእናንተዋ ገና ትናገራለች። ዛሬም አመመኝ አለች ብላችሁ ሰልችቷችሁ ይሆናል። ነፍሰ ጡሯ ፊቷ ሲያብጥ፣ ራሷን ሲፈልጣት፣ ዓይኗ ብዥ ሲልባት አታባብሏት፤ አንሷትና ሂዱ። ጸሎቱን መንገድ ላይ ታደርሱታላችሁ፤ እግዚአብሔር መንገድ ላይም ይሰማል።

አንለይ ያን ጠዋት ቢመልሱለት ምን ባልሰጠ! አይመለስለትም። የእናንተ ጠዋት ግን ገና በእጃችሁ ነው።