የሙሽራዋ መኪና ጣሪያ

ተረት ላውራ? «አውሪ» በሉኝ እንጂ፣ ዝም ብላችሁ አትዩኝ። እንዲያ ነው።

ሞጆ ውስጥ ጋሽ መንበሩ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ትርሲት የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። አንዲት አሮጌ መኪናም ነበረቻቸው፤ በሯን የነካ ሁሉ «ቀስ፣ በሩን ቀስ» የሚባልባት። ትርሲት ነገ ልታገባ ነው። የምትፈልገው ነገር አንድ ብቻ፤ ከቤቷ በአባቷ መኪና መውጣት። ታዲያ የመኪናዋ የጣሪያ ጨርቅ ተላቆ እንደ ላም ጡት ተንጠልጥሏል፤ የገባ ሰው ራስ ላይ ሁሉ ያርፋል። የሙሽራ ጸጉር ላይ ሲያርፍ ይታያችሁ።

ጋሽ መንበሩ አዲስ ጨርቅ ገዙ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «እዚሁ ግቢዬ ውስጥ፣ እኔው ራሴ» አሉ።

«ጨርቅ፣ ጨርቅ፣ ተለጠፍ። ልጄ በምን ትውጣ?»

ጨርቁ፣ «ማስቲሹ ካልያዘኝ አልለጠፍም» አለ።

«ማስቲሽ፣ ማስቲሽ፣ ጨርቁን ያዝ። ጨርቁ አልለጠፍም አለ፤ ልጄ በምን ትውጣ?»

ማስቲሹ፣ «ጣሪያው ላይ የቀረው የድሮው ጨርቅ ስፖንጅ እንደ በሶ እየተበነነ? ብሩሹ ካልጠረገው አልይዝም» አለ።

«ብሩሽ፣ ብሩሽ፣ ስፖንጁን ጥረግ። ማስቲሹ አልይዝም አለ፣ ጨርቁ አልለጠፍም አለ፤ ልጄ በምን ትውጣ?»

ብሩሹ፣ «አንጋጥጬ? አንገቴስ? ጨርቁ የሚለጠፍበት ሰሌዳ ወጥቶ መሬት ካልተኛልኝ አልጠርግም» አለ።

«ሰሌዳ፣ ሰሌዳ፣ ውጣ። ብሩሹ አልጠርግም አለ፣ ማስቲሹ አልይዝም አለ፣ ጨርቁ አልለጠፍም አለ፤ ልጄ በምን ትውጣ?»

ሰሌዳው፣ «በየት በኩል? የጋቢናው ወንበር ወደ ኋላ ካልተኛ አልወጣም» አለ።

«ወንበር፣ ወንበር፣ ተኛ። ሰሌዳው አልወጣም አለ፣ ብሩሹ አልጠርግም አለ፣ ማስቲሹ አልይዝም አለ፣ ጨርቁ አልለጠፍም አለ፤ ልጄ በምን ትውጣ?»

ወንበሩ፣ «እኔስ እሺ፤ እላዬ ላይ ያሉትን ማን ያስነሳቸዋል? ካልተነሱ አልተኛም» አለ።

እውነቱን ነው። ጋቢናው ውስጥ የጋሽ መንበሩ ታላቅ እህት፣ እትዬ በለጥሻቸው፣ ከጠዋት ጀምረው ተቀምጠዋል። የሰርግ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ የተንጠለጠለው ጨርቅ እንደ ሻሽ ራሳቸው ላይ አርፎ። ሰርጉ ነገ ነው፤ እሳቸው ዛሬ ተሳፍረዋል።

«እትዬ፣ እትዬ፣ ይነሱ። ወንበሩ አልተኛም አለ፣ ሰሌዳው አልወጣም አለ፣ ብሩሹ አልጠርግም አለ፣ ማስቲሹ አልይዝም አለ፣ ጨርቁ አልለጠፍም አለ፤ ልጄ በምን ትውጣ?»

«አልነሳም» አሉ እትዬ። «በወንድማችን ልጅ በሽብሩ ሰርግ ነጠላዬን ላመጣ ገባ ብዬ ስወጣ መኪናው ሁሉ ነቅሎ ሄዷል። ሚዜዎቹ እየጨፈሩ አቧራቸውን አልብሰውኝ ሄዱ። ዞር ብሎ ‹እትዬስ የት አሉ?› ያለ አንድ ሰው የለም። በር ላይ ብቻዬን ቆሜ አለቀስኩ። ዛሬስ የታባታችሁ፣ ከዚህ የሚያወርደኝ የለም።»

ጋሽ መንበሩ አንገታቸውን ደፉ። ያን ቀን መሪ ይዘው የነበሩት እሳቸው ናቸው።

ትርሲት ጸጉሯን በቢጎዲን እንደጠቀለለች ከቤት ወጣች። ቁልፉን ከአባቷ እጅ ወስዳ በአክስቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው።

«እትዬ፣ ይህን እርስዎ ይያዙት። እርስዎ ሳይመጡ መኪናዋ አትነሳም፤ እኔም አላገባም።»

እትዬ ቁልፉን አዩት፣ ልጅቷን አዩዋት። ዓይናቸው እንባ ሞላ። ቁልፉን ደረታቸው ውስጥ ሸጎጡና ብድግ አሉ።

እትዬ ሲነሱ ወንበሩ ተኛ፣ ወንበሩ ሲተኛ ሰሌዳው ወጣ፣ ሰሌዳው ሲወጣ ብሩሹ ጠረገ፣ ብሩሹ ሲጠርግ ማስቲሹ ያዘ፣ ማስቲሹ ሲይዝ ጨርቁ ተለጠፈ። ጋሽ መንበሩ ከመሃል ወደ ዳር በመዳፋቸው እያሻሹ ወጠሩት። መሸብሸብ የሚባል ነገር አልነበረበትም።

በማግስቱ ሙሽራዋ ገባች፣ ሙሽራው ከጎኗ ተቀመጠ፤ ከጸጉሯ አንዲት ዘለላ እንኳ አልተነካችም። ሚዜዎቹ ጨፈሩ፣ ጥሩምባው ተነፋ፣ ጋሽ መንበሩ መሪውን ያዙ። ሞተሩ ግን ጸጥ።

«ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

«እትዬ ጋ።»

«እትዬስ የት አሉ?»

ሰው ሁሉ ዞሮ የቤቱን በር ያይ ጀመር። እትዬ ካልመጡ ቁልፉ አይመጣም፣ ቁልፉ ካልመጣ ሞተሩ አይነሳም፣ ሞተሩ ካልተነሳ ሙሽራዋ አትሄድም፣ ሙሽራዋ ካልሄደች ድግሱ አይቀርብም። ሚዜዎቹ ምራቃቸውን ዋጡ። ሙሽራው ላቡን ጠረገ።

እትዬ በለጥሻቸው ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወጡ። አልቸኮሉም። በሩ ላይ ትንሽ ቆም ብለው የሚጠብቃቸውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ አዩት። ከዚያ ጋቢና ገቡና ቁልፉን ለወንድማቸው ሰጡ።

«በል እንግዲህ ሂድ» አሉ።

ተረቴ እዚህ ደርሳለች፣ እናንተም ውረዱልኝ። በሩን ግን ቀስ።